ዲዝኒላንድ፣ አበበ ቢቂላ እና የአባባ ፓስፖርት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ጥር ወር፣ እሑድ ከሰዓት። ሦስተኛው ቡና ወርዷል፤ ረከቦቱ ግን ገና አልተነሣም። ከሲኒዎቹ አጠገብ አንድ ላፕቶፕ ተከፍቷል። በላፕቶፑ ዙሪያ አባት፣ እናት፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ8 ዓመት ወንድ ልጅ ተሰብስበዋል። የ71 ዓመቱ አያት፣ ቤቱ በሙሉ «አባባ» የሚላቸው፣ ወንበራቸውን ወደ ማሞቂያው አስጠግተው የአዲስ አበባን ዜና በስልካቸው ያዳምጣሉ። ስብሰባው እሳቸውን የሚመለከት አይመስልም።

አጀንዳው የክረምት ዕረፍት ነው።

ለዚህ ቤት ይህ አዲስ አጀንዳ ነው። አባትየው በ16 ዓመት የአሜሪካ ኑሮው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ባሕር የተሻገረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱም ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፦ አንዱ ለእህቱ ሠርግ፣ አንዱ ለእናቱ ለቅሶ፣ አንዱ አባቱን ይዞ ለመምጣት። ይህን ዕረፍት የሚለው ሰው የለም። ሻንጣው በሰው ዕቃ ሞልቶ ይሄዳል፣ በበርበሬና በሽሮ ሞልቶ ይመለሳል፤ ሰውየው ሰኞ ሥራ ሲገባ ከሄደበት ቀን ይልቅ ደክሟል። ልጆቹም ትምህርት በተከፈተ ቁጥር «ክረምቱን የት አሳለፋችሁ?» ሲባሉ የሚመልሱት የላቸውም።

ዘንድሮ ግን ገንዘብ ተቆጥቧል። እናትየዋ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። «አገር ቤት ይሄ ሁሉ ችግር እያለ፣ እኛ ለመጫወቻ ፓርክ?» አለች። መልሱን የሰጡት ከማሞቂያው አጠገብ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። «ልጆቹን አስቁልኝ። ችግሩ እንደሆነ ስትመለሱም ይጠብቃችኋል» አሉና ወደ ዜናቸው ተመለሱ። «ስትመለሱ» ነው ያሉት፤ «ስንመለስ» አላሉም። ያን ቀን ይህን ቃል ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ልጅቷ የመጣችው ተዘጋጅታ ነው። ኦርላንዶ ሁለት ሰዓት ተኩል የማይሞላ በረራ ሆኖ ሳለ እሷ የመረጠችው ቶኪዮን ነው፤ ምክንያቷም በቁጥር የተደገፈ ነበር። ቶኪዮ ዲዝኒላንድ በሚያዝያ 1983 የተከፈተ፣ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው የዲዝኒ ፓርክ ነው። ከጎኑ በመስከረም 2001 የተከፈተው ዲዝኒሲ ደግሞ በዓለም ላይ ሁለተኛ የለውም። ባለቤቱም ዲዝኒ ራሱ ሳይሆን በፈቃድ የሚያስተዳድረው የጃፓን ኩባንያ ነው። የአንድ ቀን የአዋቂ ትኬት እንደ ቀኑ ከ7,900 እስከ 10,900 የን ነው። የን በ2024 ክረምት ከዶላር አንጻር በ38 ዓመት ውስጥ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ቢያገግምም ትኬቱ በዶላር ሲመነዘር ከሰባ ብዙም አይበልጥም። የኦርላንዶው ዋና ፓርክ የአንድ ቀን ትኬት ግን ከመቶ ዶላር በላይ ነው። የአውሮፕላኑ ዋጋ ልዩነቱን እንደሚበላው አባትየው ቢያስረዳትም ልጅቷ መልስ ነበራት፦ «ኦርላንዶ ፓርክ ብቻ ነው። ቶኪዮ ግን አገርም አለው።»

ተሸነፈ።

መጀመሪያ የተደወለው ለአንድ የጉዞ ወኪል ነበር። ወኪሉ የፓስፖርቶቹን ዓይነት ጠየቀ። አራቱ የአሜሪካ፣ አንዱ የኢትዮጵያ። «አራቱን ዛሬውኑ እጨርስላችኋለሁ» አለ። «ሽማግሌውን ግን ባትነካኳቸው ይሻላል። ቪዛ አለው፣ ወረቀት አለው፣ ደግሞም እሳቸው እዚያ ምን ይሠራሉ?»

አባትየው ስልኩን ሲዘጋ የተሰማውን ስሜት ለማንም አልተናገረም። ቀለል አለው። ያለ አባባ ጉዞው አጭር፣ ርካሽና ፈጣን ነው። አባባ ከአክስት ቤት ይሰነብታሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ቅርባቸው ነው። ራሳቸው አባባም ነገሩን በቀልድ አቀለሉት፦ «እኔ ሄጄ ምን ላደርግ፣ ሚኪ ማውስን ልጨብጥ?» ሁሉም ሳቀ። ነገሩ በሳቅ አለቀ።

ነገሩ እንደገና የተከፈተው በሳምንቱ ነው። ልጅቷ የቶኪዮን ካርታ ወለሉ ላይ ዘርግታ በቀለም እያሰመረች ሳለ ቀና ብላ «አባባ፣ ቶኪዮን ታውቃለህ?» አለች። እናትየዋ ከወጥ ቤት ሆና «‹ያውቃሉ› በይ!» ብላ አረመቻት። ሽማግሌው ስልካቸውን ዘጉ።

«አውቃታለሁ» አሉ። «አላየኋትም እንጂ አውቃታለሁ።»

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጉለሌ። ሠፈሩ ውስጥ ሬዲዮ የነበረው አንድ ልብስ ሰፊ ነው። አበበ ቢቂላ ማሸነፉ የተሰማው ከዚያ ሱቅ ደጃፍ ነው። ከውድድሩ አርባ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ያስወጣ ሰው፣ በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈ ሰው፣ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ የዓለም ፈጣን ሰዓት። ሁለተኛው የገባው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አበበ ግን ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ ወደ መንገድ ወጣ። የሠፈሩ ልጆች በሙሉ እስከ ማታ ሲሮጡ ዋሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ አበበ ነው፤ ሁለተኛ መሆን የሚፈልግ ግን ጠፋ።

«ቶኪዮ የሚባል አገር እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው» አሉ አባባ። «ካርታ ላይ ሳላየው በፊት ሮጬበታለሁ።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፦ «ያ ስታዲየም አለ?»

አባትየው ፈለገ። የለም። የ1964ቱ ስታዲየም በ2015 ፈርሷል፤ በቦታው ላይ በ2019 አዲስ ተሠርቷል። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጉለሌም ግማሹ ፈርሷል፣ የለመዱት ዜና ነው። ልጅቷ ግን ካርታዋን አልለቀቀችም። «መንገዱስ? መንገድ አያፈርሱም» አለች። እውነቷን ነው። የማራቶኑ መንገድ ከስታዲየሙ ወጥቶ በሺንጁኩ በኩል ኮሹ ካይዶ የሚባለውን ጥንታዊ ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ ይሄድና ቾፉ ከተማ፣ ቶቢታኪዩ የሚባል ቦታ ላይ ዞሮ ይመለሳል። በመዞሪያው ላይ ዛሬም የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ከሺንጁኩ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። መግቢያ የለውም፣ ትኬት የለውም፣ ሰልፍ የለውም።

አባትየው ላፕቶፑን ከፍቶ አራት መንገደኛ የሚለውን አጠፋና አምስት ብሎ ጻፈ።

*

እዚህ ላይ ጉዞን በራስ ማቀድ የሚባለው ነገር ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ትርጉም እንደሚኖረው ታየ።

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጃፓን ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። እቅዱ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ቢፈልግ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ያስብበታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ቪዛ ይጠይቃል፤ ከማመልከቻው ጋር ከሚቀርቡት ወረቀቶች አንዱ የቆይታ ፕሮግራም ነው፦ በየቀኑ የት እንደሚውል፣ የት እንደሚያድር፣ የሆቴሉ አድራሻ ጭምር። ለልጅቷ ካርታ ላይ በቀለም መጫወት የነበረው ሥራ፣ ለአያቷ ባለሥልጣን የሚያየው ሰነድ ሆነ።

አባባ ግሪን ካርድ አላቸው፤ ዜግነታቸው ግን ኢትዮጵያዊ ነው። ልጃቸው ሁለት ዓመት ቆይተው ዜግነት እንዲያመለክቱ ሲወተውታቸው ከርሟል። እሳቸው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ያውቁታል፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የራሱን ያጣል። «ቢጫ ካርድ አለ» ሲባሉ «እኔ ለአገሬ በካርድ የምገባ ዘመድ አይደለሁም» ይላሉ። ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። ለጊዜው የሚሠራው ያለው ፓስፖርት ነው።

ስለዚህ ወረቀት ተሰበሰበ። የልጁ የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የግሪን ካርዱ ኮፒ፣ ፎቶግራፍ። የወጪው ከፋይ ልጃቸው ስለሆነ ዝምድናቸውን የሚያሳይ ማስረጃም አስፈለገ፤ አዲስ አበባ ያለች እህት ቀበሌ ለቀበሌ ተንከራትታ የልደት ምስክር ወረቀት አስወጣች። አባባ ወረቀቱን ሲያዩ «አርባ አራት ዓመት አባትህ ስሆን አንድ ሰው አልጠየቀኝም ነበር» አሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አባትየው በትክክል አደረገ፤ ሌላ ሰውም ቢያደርገው ይጠቅመዋል። ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ አልከፈለም። ሆቴሎቹን በነጻ በሚሰረዝ መልኩ ያዘ፤ አውሮፕላኑን አስያዘ እንጂ አልቆረጠም። የፓርኩ ትኬት የሚሸጠው ከሁለት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ አላስቸኮለውም። ብዙ ሰው በርካሽ ትኬት ጓጉቶ አስቀድሞ ይከፍልና ኋላ ቪዛውን ሳይሆን ገንዘቡን ሲጠብቅ ይኖራል።

*

ከዚያ ቀን መምረጥ መጣ። የዚህ ሥራ ባለሙያ እናትየዋ ነበረች።

ሰው ቶኪዮን የሚመኘው ለአበባው በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ ያ ዐቢይ ጾም ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ የጃፓን በዓላት ተከታትለው አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ልጆቹም ትምህርት ላይ ናቸው። ሰኔ የቶኪዮ ዝናብ ነው፤ ደግሞም የሐዋርያት ጾም አለ። ነሐሴ አንድ ሲባል ፍልሰታ ይገባል፤ በፈረንጅ ኦገስት 7 መሆኑ ነው፤ ኦገስት አጋማሽ ላይ ጃፓኖች ሙታናቸውን የሚያስቡበት በዓል ስላለ ባቡሩ ይሞላል። እናትየዋ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አስቀምጣ በእርሳስ እየሰረዘች መጣች። በመጨረሻ አንድ ቀዳዳ ቀረ፦ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል፤ የጃፓን ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚዘጉት ጁላይ 20 ገደማ ነው። በመካከሉ አንድ ሳምንት አለ። ፓርኮቹ በጃፓን ልጆች አልተጨናነቁም፤ ጾሙም ተፈትቷል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ መሆኑ ብቻ ነው ጉዱ።

ሁለቱ የፓርክ ቀኖች ማክሰኞና ሐሙስ ሆኑ፤ የሥራ ቀን ስለሆኑ ሰልፉ ይቀላል፣ የፍስክ ቀን ስለሆኑ ልጆቹም ያገኙትን ይበላሉ። ረቡዕና ዓርብ ለዕረፍትና ለቤተ መቅደስ ጉብኝት ተተዉ። የጾም ምግብ ጃፓን አገር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አትክልት የሚመስለው ሾርባ ሁሉ መሠረቱ ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ነው። ለአባባ፣ ጾም ሲሉ ዓሣም ለማይቀምሱት፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መፍትሔው የተገኘው ከመነኮሳት ነው፤ የቡድሃ መነኮሳት ሾጂን ርዮሪ የሚሉት ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላል የለበትም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። «እነሱስ ከኛ ባሱ» አሉ አባባ ሲነገራቸው፣ በአድናቆት።

*

የአባትየው የመጀመሪያ እቅድ በኤክሴል የተሠራና በየሰዓቱ የተከፋፈለ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል መነሣት፣ ሦስት ሰዓት ባቡር፣ አራት ሰዓት እዚህ፣ ስድስት ሰዓት እዚያ። ርካሽ ሆቴል ከተማው መሀል ተይዟል። በወረቀት ላይ ያምራል። አባባ ሲገቡበት ግን ሠንጠረዡ መፍረስ ጀመረ።

ለምሳሌ፦ ፓርኮቹ ያሉት ቶኪዮ ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ጎረቤት ባለው ቺባ፣ ኡራያሱ በምትባል ከተማ፣ ባሕር ተሞልቶ በተሠራ መሬት ላይ ነው። ከቶኪዮ ጣቢያ በኬዮ መስመር ሩብ ሰዓት ያህል ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የኬዮ መስመር መሳፈሪያ ከሌሎቹ መስመሮች እጅግ ርቆ ከመሬት በታች ነው ያለው። አንዱን ባቡር ወርዶ ሌላው ጋ ለመድረስ ብቻ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ በእግር ያስኬዳል። ለአርባ አራት ዓመት ሰው ምንም አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሽማግሌ፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ፓርክ ውለው ማታ ሲመለሱ፣ የቀኑ ከባድ ክፍል እሱ ነው።

ስለዚህ ሆቴሉ ተለወጠ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሌሊቶች እዚያው ኡራያሱ፣ ከፓርኩ አጠገብ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሌሊቶች ሺንጁኩ። በመካከሉ ሻንጣዎቹን የሚያደርስ የጃፓን የዕቃ መላኪያ አገልግሎት አለ፤ ጠዋት ከሆቴል ይወስዱና በማግስቱ ሌላው ሆቴል ያደርሳሉ። በቀን ሦስት ቦታ የነበረው ወደ አንድ ወረደ። ከምሳ በኋላ ለሁሉም የሁለት ሰዓት ዕንቅልፍ ገባ። አባትየው ሲያጥር ደስ አላለውም። እናትየዋ ግን ሠንጠረዡን አይታ «አሁን ገና ዕረፍት መሰለ» አለች።

ሠንጠረዡ ለኤምባሲው ከመታተሙ በፊት አባባ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። መስመር በመስመር ተተረጎመላቸው። «ቅዳሜ፦ ቶቢታኪዩ፣ የ1964 ኦሊምፒክ ማራቶን መዞሪያ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ። «እሱን አጥብቀህ ጻፈው» አሉ። «ለምን እንደምመጣ ይወቁት።»

ቪዛው ወጣ። አባባ ተለጣፊውን በመነጽራቸው አዩት፤ ፓስፖርቱን ዘግተው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት።

*

ከዋሽንግተን ዱለስ እስከ ቶኪዮ ሃኔዳ በቀጥታ በረራ 14 ሰዓት ገደማ ነው። አባትየው በረራውን ሳይሆን የፈራው የመግቢያውን መስኮት ነበር። አራቱ ቶሎ አልፈው አባቱ ለብቻቸው ወደ ሌላ ክፍል ሲወሰዱ በሐሳቡ ስንት ጊዜ አይቶታል። ጃፓን ግን ከ2007 ጀምሮ ከጥቂቶች በስተቀር የውጭ ዜጋን ሁሉ የጣት አሻራና ፎቶ ትወስዳለች፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ቢሆንም ያው ነው። አምስቱም በአንድ ሰልፍ ቆሙ። አባባ ጣታቸውን መሣሪያው ላይ ሲያሳርፉ ልጃቸውም ከጎን ባለው መስኮት ያንኑ ያደርግ ነበር። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩትና «አንተንም?» አሉ። «እኔንም» አለ።

ማክሰኞ ዲዝኒላንድ ተገባ። ስለ መጫወቻዎቹ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ልጆቹ ጮኹ፣ ትንሹ አንድ ጊዜ አስመለሰው፣ ልጅቷ ከእቅዷ ሁለት ሦስተኛውን ፈጸመች። ለአባባ ዊልቸር ይከራያል ሲባሉ በቁጣ እምቢ ብለው ከዘራቸውን ይዘው ገብተዋል። የእሳቸው ቦታ ጥላ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር ሆነ። ከዚያ ሆነው ሲመለከቱ አንድ ነገር ገረማቸው። ሰልፈኛው የጎዳና ትርኢት ከመጀመሩ አስቀድሞ ጃፓኖቹ ምንጣፍ መሳይ ነገር መሬት ላይ ዘርግተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ምሳቸውን ከፍተው፣ ሕፃን ሽማግሌው ተሰብስቦ በጸጥታ ይጠብቃል። የሚጋፋ የለም። «ይሄማ ጃንሜዳ ነው» አሉ። «ጥምቀት። ታቦቱ ነው የቀረው።» እናትየዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

በእሳቸው ዕድሜ ያሉ አንድ ጃፓናዊ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም የሚኪ ጆሮ ራሳቸው ላይ ያደረጉ፣ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። አባባ በጃፓንኛ የሚያውቁት ቃል የለም፤ እነሱም በአማርኛ። ሰውየው በእጃቸው ምልክት ከየት እንደመጡ ጠየቁ። «ኢትዮጵያ» አሉ አባባ። ሰውየው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራና ሁለት ክንዳቸውን እንደ ሯጭ እያወዛወዙ አንድ ቃል ተናገሩ፦

«አበበ!»

ልጅቷ ከሰልፏ ስትመለስ አያቷን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው አገኘቻቸው። ሽማግሌው እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ሙቀቱ ነው» አሏት።

ይህ ለጃፓን አዲስ አይደለም፤ ለኢትዮጵያም እንዲሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የንጉሠ ነገሥቱን ልዑክ መርተው ቶኪዮ ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገው የጃፓኑን ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በ1956 ጎብኝተዋታል። ኢትዮጵያዊ ጃፓንን ለረጅም ዘመን በናፍቆት ሲያያት ኖሯል፤ ዛሬ ያንኑ መንገድ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሠንጠረዥ አስይዞ፣ የባንክ ደብተር አሳይቶ ነው። ጃፓን ብቻ አይደለችም፤ አብዛኛው ዓለም እንዲሁ ነው። ይህ በአባባ ጥፋት የመጣ አይደለም፤ የፓስፖርቱ ቀለም በምድር ላይ ያለው ዋጋ ነው። ሊያስቆጭ ይገባል። ነገር ግን ቁጭቱ ሽማግሌውን ቤት ትቶ ለመሄድ ሰበብ ሲሆን፣ ወኪሉ በስልክ ያለውን ቤተሰቡ ራሱ ፈጸመው ማለት ነው።

አባትየው ይህን የተረዳው ቅዳሜ ዕለት ነው።

ከሺንጁኩ በኬዮ ግል ባቡር ሄደው ቶቢታኪዩ ወረዱ። ስሙ ከፓርኩ ባቡር ጋር ቢመሳሰልም ሌላ መስመር ነው፤ ትንሹ ልጅ ወደ ፓርኩ የተመለሱ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ጣቢያው ትንሽ ነው። ትንሽ ከተራመዱ በኋላ ሰፊ የመኪና መንገድ መጣ፤ ጭነት መኪና፣ ትራፊክ መብራት፣ የተለመደ የከተማ ዳርቻ ቅዳሜ። ድንጋዩ ከመንገዱ ጠርዝ ቆሟል። በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ቀና ብሎም አያየውም። ለሰባት ወር በሠንጠረዥ፣ በባንክ ወረቀት፣ በልደት ምስክር ወረቀት የተመጣው ወደዚህ ነው።

ልጅቷ ትንሽ አፈረች። «አባባ፣ ይሄ ብቻ ነው» አለች።

አባባ ከዘራቸውን ለልጃቸው ሰጡት። ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ፀሐይ አሙቆታል። ከዚያ መንገዱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መጡበት ወደ ሺንጁኩ አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ያኔ ስንሮጥ እዚህ አልመጣንም ነበር» አሉ። «እኛ መጨረሻውን ብቻ ነበር የምንሮጠው።» ጥቂት ዝም ብለው ጨመሩ። «እዚህ ጋ ነው የዞረው። ከዚህ ወዲያ ያለው ወደ ቤት ነው።»

ትንሹ ልጅ ሳይጠየቅ መሮጥ ጀመረ። እስከ ሚቀጥለው የትራፊክ መብራት ሄዶ ዞሮ ተመለሰ። አያቱ ሰዓታቸውን ያዙለት።

ያን ማታ ሆቴል ውስጥ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አባትየው ስለ ዜግነት ማመልከቻው ሳያነሣ አደረ። ከዚያ ወዲህም አላነሣም። የአባቱ ፓስፖርት በጨርቅ እንደተጠቀለለ ሜሪላንድ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ለመጪው ክረምት የሚያቅድ ቤተሰብ ካለ፣ ከዚህ ቤት የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። እቅዱን ከጠንካራው ፓስፖርትና ከፈጣኑ እግር አትጀምሩ። ብዙ ወረቀት የሚጠየቀው ማን ነው? ቀድሞ የሚደክመው ማን ነው? ከእሱ ጀምሩ። ቀኑን፣ ሆቴሉን፣ ባቡሩን፣ ምሳውን በእሱ ልክ ቁረጡ። ልጆቹ እንደሆኑ በማንኛውም እቅድ ውስጥ ይስቃሉ።

ልጅቷ መስከረም ላይ ክፍሏ ውስጥ «ክረምቱን የት አሳለፋችሁ?» ሲባሉ ስለ ዲዝኒሲ ልትናገር ተነሣች። አስተማሪዋ ኋላ ለእናትየዋ እንደነገረቻት ግን፣ ልጅቷ አብዛኛውን ጊዜዋን የጨረሰችው ስለ አንድ ድንጋይ በማስረዳት ነው።